ሻማ የገባበት ቸኮላት

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ ቃልኪዳን ከኮምቦልቻ ቪዲዮ ላከችልኝ። የልጇ ልደት ደርሶባት ወጥ ቤት ውስጥ ላይ ታች ትላለች። ኬኩን ፈርፍራ፣ አድቦልቡላ፣ በቀጭን እንጨት ሰክታ ቸኮላት ውስጥ ትነክራለች። "አክስቴ፣ እይልኝ እስቲ! ኬክ ፖፕ ይባላል። ከኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት፤ አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው" ትላለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ሳህኑ አስጠጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቸኮላቱ ግን አላበራ ብሎኛል። በዚህ ላይ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ እጄ ላይ ነው የሚቀልጠው። ምን ልጨምርበት?" አለች።

አይ የዛሬ ልጆች! ኬክ ፖፕ ትለኛለች ለእኔ! እሷ አምስት ዓመት ሲሞላት ይህንኑ ኬክ፣ እዚያው ኮምቦልቻ፣ በእጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ያኔ ስም እንኳ አልነበረውም፤ ልጆቹ "ባለ እንጨቷ" ነበር የሚሉት። ወዲያው ደወልኩላትና "አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሪበት። ከዘይት ሌላ ግን ምንም፣ ምንም እንዳትጨምሪ!" አልኳት። ጮኼ ኖሯል። "ምነው አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ ደንግጣ። "ምንም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እዚያው በተቀመጥኩበት ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። ዛሬ ይሳቃል። ያን ቀን ግን ሃያ ሁለት ልጆች የፈጀሁ መስሎኝ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቴ እንዳሰብኩት አልመጣ ብሎ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር፣ እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ስል ግን እውነት እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ከጠዋቱ ጸሎት እስከ ማታው መዝሙር አንዱን አንሺ፣ ሌላውን ጣዪ ነው። እናቴ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አስተማሪ ስለነበረች የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ደጃችንን ያውቀዋል። ልጅ በመጣ ቁጥር ደግሞ የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል። ኬክ መጋገር የለመድኩት በዚህ ሰበብ ነው።

መጋገር ከተባለ ነው እንግዲህ። ኦቨን የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ አሸዋ አነጥፋለሁ፣ ሊጡን በሳህን አድርጌ አሸዋው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከሥር ከሰል፣ ከክዳኑ ላይም ፍም። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዜር ፈንታ ነው። አንድም ቀን ቀጥ ያለ ኬክ ወጥቶልኝ አያውቅም። ወይ መሐሉ ይሰምጣል፣ ወይ አንዱ ጎኑ ያርና ሌላው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን እንዲሁ የተሰባበረውን ለመሸፋፈን ብዬ ደህና ደህናውን ፈረፈርኩና በወተትና በማርማላታ ለውሼ በሎሚ ልክ አድቦለቦልኩት። ባዶውን ከሚሆን ብዬ ቸኮላት አቅልጬ አለበስኩት። እጃቸው እንዳይነካካ ደግሞ የስቴኪኒውን ሹል ጫፍ እየሰበርኩ ሰካሁበት። የልጆቹን ነገር አትጠይቁኝ! ከዚያ ወዲያ ደህና ኬክ ቢወጣልኝ እንኳ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ።

ታላቅ እህቴ ራሔል የፋብሪካ ሠራተኛ አግብታ ኮምቦልቻ ወርዳለች። እኛ ደሴዎች ኮምቦልቻን "ታች" እንላታለን፤ መሄድ አይባልም፣ መውረድ ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዘው ሲወርዱት ግን አገር የቀየሩ ይመስላል። ደሴ ላይ ሹራብ ደርቦ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ ሹራቡን በክንዱ ይዞ ነው የሚወርደው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለሹራቤ እንጂ ለቸኮላቴ አላሰብኩም።

የቃልኪዳን ልደት በግንቦት ነው፤ ታች ሙቀቱ በሚብስበት ጊዜ። ከልደቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ለማሳየት ያህል አሥር ባለ እንጨት ሠርቼ ወረድኩ። ራሔል ፊት በኩራት ክዳኑን ብከፍተው ቸኮላቱ ኬኩን ጥሎ ሳህኑ ላይ ተኝቷል። ኬኮቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል። ራሔል ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ይሄ ምንድን ነው? የደሴን ጭቃ ነው ጭነሽልኝ የመጣሽው?" አለችኝ። ሳቋን ስትጨርስ ደግሞ፣ "በቃ ተይው እህቴ፤ ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ። አንቺ መጥተሽ ፈንዲሻ ታድያለሽ" አለች።

እልህ ያዘኝ። ፈንዲሻ! እኔ! በዚያው እልህ ደሴ ተመለስኩ።

እናቴ ወጣት ሳለች አንዲት የውጭ አገር ሴት ለቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የምግብ ሙያ ታስተምራቸው ነበር። እናቴ የተማረችውን የጻፈችበት ደብተር ሳጥን ውስጥ አለ፤ ዳር ዳሩ በቅባት ወዝቷል። እሷ ለቅሶ የሄደች ቀን አወጣሁትና ገጽ በገጽ ፈተሽኩት። ስለ ቸኮላት የሚያወራው ሁለት መስመር ብቻ ነው። "ሲቀልጥ ትንሽ ሰም ይጨመርበታል። ያበራል፣ ቶሎም አይፈታም" ይላል። የምን ሰም እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየት እንደሚገኝ አይልም። እናቴን መጠየቅ ነበረብኝ። መጠየቅማ ነበረብኝ! ብጠይቃት ግን "ደብተሬን ማን ንኪ አለሽ?" ይመጣል፤ እሱን ፈራሁ። መብራት በየሁለት ቀኑ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር መሳቢያችን ውስጥ ሻማ ሞልቷል። ሰም ከተባለ ሻማም ያው ሰም አይደል? ብዬ ራሴን አሳመንኩት።

ዓርብ ጠዋት ከነጩ ሻማ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ቆረጥኩ። ክሩን መዝዤ ጣልኩ። ውሃ የሚፈላበት ድስት አፍ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ጥጄ ከቸኮላቱ ጋር አቀለጥኩት። አሸተትኩት፤ የቸኮላት እንጂ የሌላ ሽታ የለውም። ሃምሳ ድቡልቡል እየነከርኩ አወጣሁ። ጥቅል ጎመን ለሁለት ሰንጥቄ፣ በአፉ ደፍቼ፣ ባለ እንጨቶቹን በላዩ ላይ ሰካሁና መስኮት ላይ አቆምኳቸው። የደሴ ብርድ ለአንድ ጊዜ እንኳ ጠቀመኝ። ትንሽ ቆይቼ በጥፍሬ ብመታው ቋ ይላል። ያበራል ስላችሁ! አንዱን በላሁት፤ እንዴት ያለ ጣዕም! ቀሪውን ሻማ ወደ መሳቢያው መልሼ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ጎመኑን ከነኬኩ ባለ ክዳን ሳህን ውስጥ ከትቼ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወረድኩ። በየኩርባው "ቀስ በል ወንድሜ፣ በሞቴ!" እያልኩ ሾፌሩን አሰለቸሁት። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ ከጉሙ ስንወጣ ፀሐዩ ተቀበለን። ከዚያ በኋላ ክዳኑን መክፈት ፈራሁ። ራሔል ቤት ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩት። አርባ ዘጠኙም እንደቆሙ ናቸው፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። "ወይ ጉድ!" አለች ራሔል። አንዱን አነሳች፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። "ምን አድርገሽ ነው?" አለችኝ። "የሙያ ምስጢር ነው" አልኳት ቀብረር ብዬ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ከራሔል ቤት ቀጥሎ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ዘሐራ የምትባል ሴት ነበረች። ከደጋን ማዶ ካለ ገጠር መጥታ ፋብሪካ ተቀጥራለች። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚውለው አልፎ አልፎ ነው። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ሰሚራ፣ አራት ዓመቷ፣ የቃልኪዳን የነፍስ ጓደኛ። ዘሐራ ፈረቃዋ ጠዋት ሲሆን ልጇን ምሳዋን ቋጥራ ለራሔል ትታት ትሄዳለች። ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር።

ልጆቹ ሊዘምሩ ሲሰለፉ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። "ምሕረትዬ፣ በአላህ አትቀየሚኝ" አለች። "እንደው ለልጄ ብዬ ነው፤ ውስጡ ምን ምን አለው?" ጥያቄው ያለ ነው። ወሎ ውስጥ ከየቤቱ ስንቀማመስ የኖርነው እንዲህ እየተጠያየቅን ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። "ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስኳር፣ ማርማላታ፣ ቸኮላት" ብዬ በጣቴ ቆጠርኩላት።

"ሌላስ?"

ጣቴ አየር ላይ ቀረ። "ሌላ ምንም" አልኳት። ሻማ እኮ ምግብ አይደለም፤ ምግብ ያልሆነ ነገር ምግብ ውስጥ አይቆጠርም ብዬ በልቤ ፈረድኩ። "አላህ ይስጥልኝ፤ አንቺ ካልሽማ ይበቃኛል" አለችና ለሰሚራ ሁለት አነሳችላት።

ልደቱ እንዴት እንደደመቀ! ሃያ ሁለት ልጆች ከአገጫቸው እስከ ጆሯቸው ቸኮላት ተቀብተው ግቢውን አንድ አደረጉት። ለዳቦው ማንም አልተጣላም፤ በባለ እንጨቶቹ ግን ሁለት ጊዜ ተደባደቡ። እናቶቹ "ከየት ነው የገዛችሁት?" ሲሉ ራሔል "ኧረ እህቴ ናት!" እያለች በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። እኔ በሐሳቤ በአንድ ከሰዓት ውስጥ የኬክ ቤት ከፍቼ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ጨምሬ፣ ሠራተኞች እየተቆጣሁ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበትነው እኔና ራሔል ግቢውን ስንጠርግ፣ ከዘሐራ ቤት ለቅሶ ሰማን። ሮጠን ስንገባ ሰሚራ ሆዷን ይዛ ተጠቅልላ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "እማዬ ሆዴን! ሆዴን!" ትላለች። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

ሻማው! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሮጬ ቃልኪዳንን ያዝኳት። "ሆድሽን ያምሻል?" አልኳት። "ትንሽ" አለች። በቃ፣ እሷም ሄደች ማለት ነው። የራሴን ሆድ አዳመጥኩ፤ ሆዴ ዝም አለኝ። እኔማ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እነሱ እኮ ሕፃናት ናቸው ብዬ ባሰብኝ። የቀሩት ሃያው ልጆች አሁን በየቤታቸው ሲንከባለሉ ታዩኝ።

ዘሐራ ልጇን ታቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። "እኔው ነኝ!" ትላለች። "ያደረ ሽሮ ነው ለምሳዋ የቋጠርኩላት። ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው፣ ሳልቀምሰው! ፈረቃው ሊያልፈኝ ሆኖ፣ ቸኩዬ! ያረቢ፣ እኔው ነኝ!" በአንድ እጇ ደረቷን ትደልቃለች። ራሔል "ኧረ ተይ ዘሐራ፣ ተረጋጊ!" ብትላት አትሰማም። እኔ ደግሞ ቆሜ አያታለሁ።

ወደ ክሊኒክ የሚወስደን ባጃጅ ጠርተን ሦስታችንም ከኋላ ተጨናንቀን ገባን፤ ዘሐራ ሰሚራን፣ ራሔል ቃልኪዳንን አቅፈው፣ እኔ መሐል። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሆንም፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። በቀኝ ጆሮዬ "እኔው ነኝ፣ እኔው ነኝ" ይላል የዘሐራ ድምፅ። እኛ ቤት ስእለት አይሳልም፤ የእኛ ሃይማኖት አይደለም። እኔ ግን ባጃጅ ውስጥ ተሳልኩ። "ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ልጅ አትርፍልኝ እንጂ ሁለተኛ ኬክ የሚባል በእጄ አልነካም" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፣ ኧረ እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ፣ ያ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ እላለሁ። መታጠፊያው አለፈ። የፈራሁት እስር ቤቱን ብቻ አልነበረም። "አንቺ ካልሽማ ይበቃኛል" ያለችኝን ሴት ዓይን ማየት ነው ያቃተኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ነርስ ተቀበለን። እኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና "ዶክተር፣ ድረስልን!" አልነው። ሰሚራን አልጋ ላይ አስተኛት፣ ሆዷን ጫን ጫን እያደረገ፣ "ዛሬ ምን በልታለች?" አለ።

"ያደረ ሽሮ" አለች ዘሐራ። "ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያበላኋት። በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ ነው..."

"እሷ አይደለችም!" አልኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። "እኔ ነኝ። ኬኩ ውስጥ ሻማ አለበት። ቸኮላቱ እንዳይቀልጥ ብዬ ሻማ ጨመርኩበት። ጠይቃኝ ነበር፣ ዋሸኋት። ሃያ ሁለት ልጆች በልተውታል!"

"ምን አልሽ?" አለች ራሔል በሹክሹክታ። እኔ ዘሐራን ብቻ ነው የማየው። ዞረች። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ የሰማችውን ማመን እንዳቃተው ሰው፣

"እንግዲያ እኔ አይደለሁም?" አለች።

ቁጣ የለበትም። ዓይኖቿ ተከፍተው ፊቴ ላይ ተተክለዋል፤ መልስ ትጠብቃለች። "አይደለሽም" አልኳት። "አንቺ አይደለሽም።" አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና በረጅሙ ተነፈሰች።

"ምን ያህል ሻማ?" አለ ነርሱ። የአውራ ጣቴን ጫፍ አሳየሁት። "በስንት ኬክ?" አለኝ። "በሃምሳ" አልኩት። መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን በሁለት ጣቱ ያዘ። ያለቀሰ መስሎኝ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። እየሳቀ ኖሯል። "እህቴ" አለኝ፣ "ይቺን የምታህልማ እንደገባች ትወጣለች። ሁለተኛ ግን እንዳትሞክሪው። ሻማ መብራት ሲጠፋ ነው።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሰሚራ አስመለሳት። ነርሱ የያዘውን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረውና ትኩር ብሎ አየ። "እስቲ ኑ" አለን። ያልታኘከ፣ ከነልጣጩ፣ አረንጓዴ ነገር ነው። "ሰሚራ፣ ማንጎ በልተሻል?" አላት። አንገቷን ነቀነቀች። "ስንት?" አላት። አንድ እጇን ዘረጋች፣ አምስት። ትንሽ አሰበችና ሌላውንም እጇን ዘረጋች። ቃልኪዳን ከእናቷ እቅፍ ሆና "እኔ ሁለት ብቻ ነው የበላሁት!" አለች። "በሚጥሚጣ።"

የራሔል ባል ከሐርቡ ጥሬ ማንጎ በጆንያ አምጥቶ፣ እንዲበስል ብሎ አልጋ ሥር ከቶት ነበር። እኛ ሰልፍና መዝሙር ስናደራጅ ሁለቱ ጓደኞች አልጋ ሥር ገብተው ሲከኩት ውለዋል። ራሔል ይህን ስትሰማ በተራዋ ጭንቅላቷን ያዘች። "ኧረ የእኛ ማንጎ ነው! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ ጆንያውን ሳላስረው!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ነርሱ ሦስታችንንም በየተራ አየን። "ዛሬ እዚህ ቤት ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው የለም እንዴ?" አለ።

ያኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን እላለሁ። ዘሐራ "አልሐምዱሊላህ" ትላለች፣ ራሔል "ሃሌሉያ" ትላለች፣ ሰሚራ ደግሞ ውሃ አምጡልኝ ትላለች። ሆዷ ከለቀቃት በኋላ የሰጧትን ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ ጭልጥ አድርጋ ጠጥታ እናቷ ትከሻ ላይ ተኛች።

የመጣነው በባጃጅ ቢሆንም የተመለስነው በእግር ነው። ማንም ባጃጅ እንጥራ አላለም። ፀሐይ አዘቅዝቃ አየሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ራሔል ከቃልኪዳን ጋር ቀደም አለች። ዘሐራ ሰሚራን ተሸክማ ከእኔ ጎን ስትራመድ "ሻማ!" አለች ድንገት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መንገድ መሐል ቆመን እንደ እብድ ሳቅን። ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገችና "ዋሽተሽኛል ግን" አለች።

"አዎ።"

"ሁለተኛ አትዋሺኝ።"

"ወላሂ አልዋሽሽም" አልኳት። የጴንጤ ልጅ ወላሂ ስትል ሰምታ እንደገና ሳቋ መጣ። "አብሽሪ" አለችኝ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ።

ትንሽ እንደሄድን፣ ወደ ፊቷ እያየች፣ "ከሰሚራ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ" አለች። "ሁለት ዓመቱ ነበር። ትኩሳት ያዘው። ገጠር ነን፣ መኪና የለ፣ ሐኪም የለ። ሲሞትብኝ የባሌ እናት 'ወንዝ ይዘሽው ወርደሽ በብርድ አስመታሽው' አለችኝ። አንድም ሰው አይደለሽም ያለኝ የለም። እኔም አምኜው ኖርኩ።" ሰሚራን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረቻት። የልጅቷን ጫማ ያዝኩላት፤ ከእግሯ ሊወልቅ ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ደሴ ተመልሼ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ለምን ሻማ ጨመርሽ አላለችኝም፤ "ለምን 'ሌላ ምንም' አልሽ?" ነው ያለችኝ። ያኑ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዛኝ ኮምቦልቻ ወረደችና የቀሩትን ሃያ ልጆች ቤት ለቤት አስዞረችኝ። በየደጁ ቆሜ "ትናንት ባበላኋችሁ ኬክ ውስጥ ሻማ ነበረበት፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ። አንዷ "አበድሽ እንዴ?" ብላ በሯን ዘጋችብኝ፤ እውነቷን ነው። ሌሎቹ ግን ልጆቻቸውን እየጠሩ "አሞህ ነበር? አሞሽ ነበር?" ሲሉ ልጆቹ እየሮጡ መጥተው እጄን ያያሉ። "ዛሬስ አላመጣሽም?" ይሉኛል። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ደህና ልጅ ሳይ ከደረቴ ላይ አንድ ድንጋይ ይነሳልኝ ነበር። ስእለቴንም አፈረስኩ፤ በዓመቱ ለሰሚራ ልደት ያለ ሻማ ሠራሁ፤ ቀለጠ፣ ልጆቹም በማንኪያ በሉት።

የቃልኪዳን ልጅ ልደት ትናንት ነበር። ወርጄ ነበር። እነዚያ ሁለት የማንጎ ጓደኞች ዛሬ ሁለቱም እናቶች ናቸው፤ ዘሐራም የልጅ ልጇን አቅፋ ከእንግዶቹ መሐል ተቀምጣለች። እኔም ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ልጅ በታመመ ቁጥር እናት መጀመሪያ የምትመረምረው ራሷን መሆኑን የተማርኩት በራሴ ልጆች ትኩሳት ነው። በወጣትነቴ ያን ቀን ሳስበው የዚያ ነርስ ሳቅ ነበር የሚታወሰኝ። አሁን አሁን የዘሐራ ጥያቄ፣ "እንግዲያ እኔ አይደለሁም?" ያለችው ነው የሚመጣብኝ።

ትናንት ባለ እንጨቱ ሲታደል ዘሐራ ለወጣቶቹ እናቶች ታሪኩን ጀመረችላቸው። በእሷ አወራር ሻማው አለ፣ ባጃጁ አለ፤ "ከዚያ ይቺ ልጅ ብድግ ብላ 'እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ' አለች" ትልና እዚያ ላይ ታበቃለች። ሁሌም እዚያ ላይ ነው የምታበቃው። ሴቶቹ በጉጉት አፌን አፌን ያዩኛል።

"ኧረ ዘሐራ፣ ማንጎውስ?" አልኳት። "ነፍሰ ገዳይ አድርገሽኝ ልትቀሪ ነው? ሁሌ ማንጎውን የምትዘይው ለምንድን ነው?"

"ተዪኝ ማንጎሽን!" አለች የልጅ ልጇን አፍ በመሐረብ እየጠረገች። "ማንጎውማ በኋላ የመጣ ነው። እኔ የዳንኩት ከማንጎው በፊት ነው።"